ምጣዱ ሳይግል፦ መብራት ሲመጣ የማይነሳው ሰርቨር

እንዴት ይሠራል?

«ሲስተም የለም።»

ይህችን ሁለት ቃል ያልሰማ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ባንክ መስኮት ላይ፣ ትኬት ቢሮ፣ ወረዳ፣ የሆስፒታል ካርድ ክፍል፤ ወረፋው ቆሞ ሰው ማጉረምረም ሲጀምር መልሱ ይቺው ናት። መቐለ ውስጥ፣ ከቀዳማይ ወያነ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ የኅትመትና የፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ «ሲስተም የለም» የሚባልበት ቀን የታወቀ ነበር፤ ሌሊት መብራት ሄዶ ባደረ ማግስት። መብራቱ ይመጣል፣ ኮምፒውተሮቹ ይበራሉ፣ ማሽኑ ይሞቃል፣ ፋይል የሚቀመጥበት ሰርቨር ግን የለም። የባለቤቷ የመጨረሻ ልጅ ጥግ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ይሄድና አንዲት ትእዛዝ ይጽፋል። ይነሳል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አንዴም ሳይወድቅ ይውላል።

ባለቤቷ በዕድሜ ከእናቴ የሚስተካከሉ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አደይ» ይላቸዋል፤ በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው፣ እኔም በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ለእርሳቸው ደግሞ ኮምፒውተር የሚነካካ ወጣት ሁሉ «ወደይ» ነው፣ ልጄ። አንድ ማለዳ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤታቸው፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ አድርገውኝ ቡና እየቀዱ፣ «ወደይ፣ ይሄ ነገር ታሟል ወይስ አልታመመም? ሲቀሰቅሱት ይነሳል፤ ለብቻው ግን አይነሳም» አሉኝ። ችግሩን ከዚህ በላይ አጥርቶ የነገረኝ ባለሙያ አላጋጠመኝም።

ሰርቨሩ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁና ወደዚያ ጥያቄ እመለሳለሁ። ሱቁ ውስጥ ሦስት የዲዛይን ኮምፒውተሮች፣ አንድ ትልቅ የፎቶ ኮፒ ማሽንና ስክሪን የሌለው፣ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። አሮጌው ነው ሰርቨሩ። ትልቁ ማሽን ስካን ያደረገውን ወረቀት ወደ እሱ ይልካል፤ ዲዛይነሮቹም ከእሱ ያወርዳሉ፣ ያስተካከሉትን መልሰው ይጭናሉ። እሱ ከሌለ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ይጀምራል፤ ከፍላሹም ጋር ቫይረስ።

ማሽኑና ሰርቨሩ የሚግባቡበት ደንብ ኤፍቲፒ ይባላል፤ ፋይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ማስተላለፊያ ነው። መጀመሪያ የጻፈው አሜሪካ ኤምአይቲ ይማር የነበረው ሕንዳዊ አብሃይ ቡሻን ሲሆን፣ ጊዜውም ኤፕሪል 1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 1963። ዛሬ የምንሠራበት ቅጂ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። ደንቡ ሁለት መስመር ይጠቀማል። አንደኛው ንግግር የሚካሄድበት ነው፤ ሰርቨሩ በ21 ቁጥር በር ላይ ቆሞ «ማነህ? ምን ይዘሃል? የት ላስቀምጥልህ?» የሚልበት። ሁለተኛው ዕቃው ራሱ የሚያልፍበት ሲሆን፣ ፋይል በተላከ ቁጥር ይከፈትና ይዘጋል። መስኮት ላይ ከጸሐፊው ጋር ተነጋግሮ ዕቃውን በመጋዘኑ በር እንደማስገባት ነው።

ኤፍቲፒ አርጅቷል። የይለፍ ቃልን ሳይሸፍን፣ ገልጦ ነው የሚልከው። ፋየርፎክስና ክሮም በ2021 እ.ኤ.አ. ከውስጣቸው አውጥተውታል፤ የዴቢያን ሊኑክስ ሰዎችም ለሕዝብ ክፍት የነበሩ የኤፍቲፒ ሰርቨሮቻቸውን ኖቬምበር 2017 ላይ ዘግተዋል። በኢንተርኔት ላይ ፋይል መላክ የሚፈልግ ሰው ኤስኤፍቲፒን ይጠቀም፤ ስሙ ይቀራረብ እንጂ በ22 ቁጥር በር የሚያልፍ፣ የተመሰጠረ ሌላ ነገር ነው። የአደይ ፎቶ ኮፒ ማሽን ግን ስካን ያደረገውን የሚልክበት መንገድ ኤፍቲፒ ነውና ሌላ ምርጫ አልነበረም። ድንበሩ ከሱቁ ግድግዳ እስካላለፈ ድረስ ችግር የለብኝም። ይህን ድንበር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ መዘዝ ያመጣል።

አሁን ወደ አደይ ጥያቄ። በእጅ ሲቀሰቀስ የሚነሳ ፕሮግራም አልታመመም። ማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ስሕተት ቢኖር በእጅም አይነሳም ነበር። ዲስኩ ተበላሽቶ ቢሆን፣ ፈቃድ ተከልክሎ ቢሆን፣ ፕሮግራሙ ራሱ ጎድሎ ቢሆን በእጅም አይነሳም ነበር። ስለዚህ «ምኑ ተበላሸ?» የሚለው ጥያቄ ይቀርና ሌላ ይተካል፦ ማለዳ እሱ ሊነሳ ሲሞክር ያልነበረ፣ ልጁ መጥቶ ሲቀሰቅሰው ግን የነበረ ነገር ምንድን ነው?

ይህን ስናገር አደይ ፊት ለፊታቸው ወዳለው የኤሌክትሪክ ምጣድ በአገጫቸው አመለከቱ። ሞጎጎ ነው የሚሉት። «ሳይግል ያፈሰስክበት እንደሆነ እንጀራው ዐይን አያወጣም፣ ተጣብቆ ይቀራል። ቡኮው ምን አጠፋ? ሞጎጎውስ ምን አጠፋ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ያወራነው ሁሉ በምጣድ ቋንቋ ሆነ፤ ለእናንተም በዚያው ልቀጥል።

ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ ከእናት ሰሌዳው ላይ ያለች ትንሽ ፕሮግራም ዲስኩን ፈልጋ ታገኛለች። ከዚያ የሊኑክሱ እምብርት፣ ከርነሉ፣ ይጫናል። ከርነሉ አንድ ፕሮግራም ብቻ ይቀሰቅሳል፤ የመለያ ቁጥሩ 1 ነው። ሌላው ሁሉ የሚቀሰቀሰው በዚህ በአንደኛው ነው። ድሮ ይህ አንደኛ እንደ ክፍል አለቃ ስም ዝርዝር ይዞ፣ ሁሉንም በተራ ቁጥራቸው እየጠራ፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላውን ያስነሳ ነበር። ቀርፋፋ ነበር፤ ተራው ግን የታወቀ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ የጻፉት ሲስተምዲ የሚባለው ቦታውን እየያዘ መጣ፤ ዛሬ ኡቡንቱም ዴቢያንም ሬድ ሃትም በእሱ ነው የሚነሱት። ሲስተምዲ ሁሉንም በአንድ ላይ ይቀሰቅሳል። «ቆይ፣ እኔ እገሌን እጠብቃለሁ» ብሎ በጽሑፍ ያልተናገረ ማንም አይጠበቅለትም። በዚህ የተነሳ ኮምፒውተሩ በሰከንዶች ይነሳል፤ በዚሁ የተነሳ ደግሞ ሳይግል የሚፈስ ሊጥ በዛ።

የአደይ ሰርቨር ላይ ያለው የኤፍቲፒ ፕሮግራም ቪኤስኤፍቲፒዲ ነው፤ ክሪስ ኢቫንስ የጻፈው፣ ትንሽ፣ ለደኅንነት የተጠነቀቀ፣ የምወደው ፕሮግራም። ከኡቡንቱ ጋር ሲመጣ የመነሻ ወረቀቱ ላይ «ከኔትወርክ ታርጌት በኋላ አስነሡኝ» የሚል መስመር አለው። አንባቢ ይህን ሲያይ ጉዳዩ አለቀ ይላል፤ ኔትወርኩን እየጠበቀ ነዋ! አለመሆኑን ለመረዳት እኔም ጊዜ ፈጅቶብኛል። ኔትወርክ ታርጌት ማለት «የኔትወርክ ሥራ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ተቀስቅሰዋል» ማለት ብቻ ነው። አድራሻ ተገኝቷል፣ ኬብሉ ሕይወት አለው፣ ራውተሩ መልሷል ማለት አይደለም። ያኛው ሌላ ስም አለው፤ ኔትወርክ ኦንላይን ታርጌት። በምጣድ ቋንቋ፣ የመጀመሪያው «ምጣዱ ተሰክቷል» ነው፣ ሁለተኛው «ምጣዱ ግሏል»። በሁለቱ መካከል ስንት ደቂቃ እንዳለ እንጀራ የጋገረ ሰው ሁሉ ያውቃል።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ሰዎች ሞክረውታል። አንደኛው ባለሙያ «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ጭኖታል። ፎርማት አገራችን ውስጥ እንደ ጠበል ለሁሉም በሽታ ይታዘዛል፤ የመነሣት ተራ የተዛባበትን ግን አይፈውስም፣ አዲሱም ተከላ ያንኑ ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። ሌላው ሰርቨሩ ሲነሳ 60 ሰከንድ ተኝቶ እንዲጠብቅ የምታደርግ መስመር ጨምሯል። ይህ አንዳንድ ቀን ሠርቷል። ግን 60 የመጣው ከየት ነው? ሰዓት ቆጥሮ ሊጥ እንደማፍሰስ ነው፤ ቮልቴጁ ደህና የሆነ ቀን ይሆናል፣ ዝቅ ያለ ቀን ምጣዱ ገና ነው። ጋጋሪዋ ሰዓት አታይም። ውኃ ጠብ አድርጋ ታያለች።

እኛም ውኃ ጠብ ወደማድረጉ ሄድን፤ መዝገቡን ወደማንበብ። ሲስተምዲ የሚሆነውን ሁሉ በሰዓትና በሰከንድ ይጽፋል፤ ጆርናልሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ «ከዛሬው መነሻ ወዲህ ያለውን፣ የቪኤስኤፍቲፒዲን ብቻ» ብሎ ማውጣት ይቻላል። መዝገቡ ግን ቆጣቢ ነበር፤ «ተነሳ፣ በ2 ቁጥር ስሕተት ወጣ» ብሎ ዝም አለ። ሰዓቱ 04:12 ይላል።

ልጁ ይህን ሲያይ ፊቱ በራ። «ይኼውልህ ውሸቱ!» አለ፤ «አራት ሰዓት ላይ እኮ እየሠራ ነበር። እኔ ራሴ ሁለት ሰዓት ላይ አስነሥቼው፣ አራት ሰዓት ላይ ደንበኛ አስተናግጄበታለሁ።» ኢትዮጵያ ውስጥ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሁሉ እዚህች ጋ ቢያንስ አንዴ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ሰርቨሩ ሲጫን ሰዓቱ በዓለም አቀፉ መለኪያ ላይ ነው የቀረው፤ አዲስ አበባም መቐለም ከዚያ 3 ሰዓት ይቀድማሉ። ስለዚህ 04:12 በአዲስ አበባ አቆጣጠር 07:12 ነው። እኛ ደግሞ ቀናችንን የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ነውና 07:12 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። መዝገቡ አራት ሲል ልጁ አራት ሰዓት ረፋድ ብሎ አነበበው፤ የተባለው ግን አንድ ሰዓት ነበር፣ ልክ መብራት የመጣበት ደቂቃ። ከዚያ ቀን በኋላ የሰርቨሩን ሰዓት በአዲስ አበባ አቆጣጠር አስተካከልን። የስድስት ሰዓቷን ልዩነት ግን ማንም ሊያስተካክልልን አይችልም፤ እሷን በልብ መያዝ ነው።

ሰዓቱ ሲገባን ከቪኤስኤፍቲፒዲ ሌላ የኔትወርኩን መዝገብም አውጥተን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥን። ያኔ ሁሉም ግልጽ ሆነ። ኤፍቲፒው ሊነሳ ሞክሮ የወደቀው ልክ 31ኛው ሰከንድ ላይ ነው። «ከራውተሩ አድራሻ አገኘሁ፣ 192.168.1.10» የሚለው የኔትወርኩ መስመር ደግሞ የተጻፈው ከዚያ 69 ሰከንድ ዘግይቶ። ለማረጋገጥ የኔትወርክ ኬብሉን ነቅለን ኤፍቲፒውን በእጃችን አስነሣነው፤ በመዝገቡ ዝም ያለው አሁን ስክሪን ላይ ተናገረ፦ የምሰማበትን አድራሻ መያዝ አልቻልኩም። ኬብሉን መለስን፣ ጥቂት ቆየን፣ ደግመን አስነሣን፤ ተነሳ።

ማዋቀሪያ ፋይሉን ስንከፍት «በ192.168.1.10 ብቻ ስማ» የሚል መስመር አገኘን። ሰርቨሩ በዚያ አድራሻ እንዲሰማ ታዟል፤ አድራሻውን የሚሰጠው ግን ራውተሩ ነው፤ ራውተሩ ደግሞ መብራት ሲመጣ እሱም እንደ ሰርቨሩ ገና እየተነሳ ነው። እንደ ኮምፒውተር ትልቅ ባይሆንም ራውተር ራሱ፣ ብዙውን ጊዜ ሊኑክስ የሚነሳበት፣ ኮምፒውተር ነው፣ ያውም ደካማ። ሰርቨሩ ቀድሞት ነቃና ገና ባልተሰጠው አድራሻ ላይ ለመቆም ሞከረ። በሌለ ደጃፍ ላይ መቆም አይቻልምና ወጣ።

ሁለቱ ባለሙያዎች ይህን ያላዩት ሰንፈው አይደለም። የሞከሩበት መንገድ ነው የደበቀባቸው። ሁለቱም ጥገናቸውን ሲፈትሹ ሰርቨሩን ሪስታርት አደረጉት፤ ተነሳ፤ «ተስተካክሏል» ብለው ሄዱ። ሰርቨሩ ብቻ ሪስታርት ሲደረግ ግን ራውተሩ እንደበራ ነው፤ ምጣዱ እንደጋለ ነው። አድራሻው በአንድ ሁለት ሰከንድ ይሰጣል። በሽታው የሚታየው ሁለቱ አብረው ጠፍተው አብረው ሲነሱ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ መቐለ ላይ የሚያደርገው ቴክኒሻን ሳይሆን መብራቱ ነው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የአሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ቆሟል፤ በተከዜም 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለ። መስመሩ እስከ ሱቁ ቆጣሪ ሲደርስ ግን መሄድና መምጣቱ አልቀረም። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሲመጣ በአንድ ጊዜ ሲሰካ ምን እንደሚሆን አስቡት።

እንግዲህ ጥገናው። የመጀመሪያው ቀላሉ ነው፤ የመነሻ ወረቀቱ ላይ «ከኔትወርክ ኦንላይን ታርጌት በኋላ» የሚል ማስገባት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንዲት ነገር ይረሳል። «በኋላ» የሚለው ቃል ተራን ብቻ ነው የሚናገረው፤ «ጥራልኝ» አይልም። ያንን ታርጌት ማንም ካልጠራው የሚጠበቅ ነገር አይኖርም፣ ሰርቨሩም እንደ ድሮው ይነሳል። ስለዚህ ሁለት መስመር ያስፈልጋል፤ አንዱ «እፈልገዋለሁ» የሚል፣ ሌላው «ከእሱ በኋላ» የሚል። ዋናውን ወረቀት በቀጥታ መንካትም አይገባም፤ ፕሮግራሙ ሲታደስ ይጠፋል። ሲስተምሲቲኤል ኤዲት የሚባለው ትእዛዝ ከጎኑ ሌላ ትንሽ ወረቀት ይከፍታል፤ እዚያ ላይ የተጻፈ አይጠፋም።

ይህን አድርገን ሦስት ሳምንት ያህል በሰላም ሄደ። ከዚያ አንድ ጠዋት መብራቱ አራት አምስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ሲል ራውተሩ ደጋግሞ ተነሳ፣ ደጋግሞ ወደቀ፤ ሰርቨሩ ግን በመጀመሪያዋ ብልጭታ ተነሥቶ፣ ዩፒኤስ የሚባለው የመጠባበቂያ ባትሪ ይዞት፣ ይጠብቅ ነበር። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ኔትወርክ የሚጠብቀው ፕሮግራም ለዘላለም አይጠብቅም፤ ካልተለወጠ በቀር 2 ደቂቃ ነው ወሰኑ። ሁለቱ ደቂቃ አለፈ፣ ጠባቂው ተስፋ ቆረጠ፣ ኤፍቲፒው ተነሥቶ ወደቀ። «ሲስተም የለም» ተመለሰ፤ አደይም ምንም ሳይናገሩ አዩኝ። ያ አስተያየት እስካሁን አልወጣልኝም።

ሁለተኛው ጥገና እንግዲህ ይህ ነው፤ «ከወደቅህ ከ10 ሰከንድ በኋላ ደግመህ ሞክር» ማለት። ሲስተምዲ ይህን የሚያደርግበት መስመር አለው። አሥር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ አገልግሎት በ10 ሰከንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ተነሥቶ ከወደቀ ሲስተምዲ «ይህ ተስፋ የለውም» ብሎ እስከ መጨረሻው ይተወዋል። ቶሎ ቶሎ እንዲሞክር ያዘዘው ሰው ሳያስበው ሙከራዎቹን ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ይጨርስበታል፤ ራውተሩ ሲደርስ የሚሞክር የለም።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም የምወደው ነው። ሰርቨሩ ለምን አንዲት አድራሻ ላይ ብቻ እንዲሰማ ታዘዘ? ያችን መስመር አጥፍተን «ባለህ አድራሻ ሁሉ ስማ» ብንለው፣ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይነሳል፤ ገና ያልመጣ አድራሻ በኋላ ሲመጣም በራሱ ይሰማበታል። መጠበቅን ማሳመር ሳይሆን መጠበቅን ማስቀረት ማለት ነው። እጄ መስመሩን ለማጥፋት ሲሄድ ግን ቆም አልኩ፤ ማንም ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ ያለ መስመር አይጽፍም። ልጁን ጠየቅሁት። ሰርቨሩ ሁለት የኔትወርክ ካርድ አለው፤ አንደኛው ወደ ሱቁ፣ ሌላው ደንበኞች ወረፋ ሲጠብቁ ወደሚጠቀሙበት ዋይፋይ። መስመሯን የጻፈው ሰው ኤፍቲፒው ወደ ደንበኞቹ ወገን እንዳይሰማ ፈልጎ ነው። ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ድንበር ይህ ነው። ልክ ነበር፤ ያቺን ሥራ የሰጠው ግን ለተሳሳተ ሠራተኛ ነው። እኛ መስመሯን አነሳንና ጥበቃውን ለፋየርዎሉ ሰጠን፤ 21 ቁጥርንና የዕቃ ማስተላለፊያ በሮቹን ከሱቁ ካርድ ለሚመጣ ብቻ እንዲከፍት፣ ከሌላው እንዲዘጋ።

የእናንተ ሰርቨር ከዚህ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ የሚጎድለው ነገር ሁልጊዜ አድራሻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ምንም የሚጎድል የለም፤ ሰርቨሩ እንዲነሳ ጭራሽ አልተነገረውም። ሲስተምሲቲኤል ስታርት «አሁን ተነሳ» ነው፣ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ተነሳ»። የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ የሄደ ሰው ሥራው የሚቆየው እስከሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ነው። አንዳንዴ ደግሞ 21 ቁጥር በር ላይ ሌላ የኤፍቲፒ ፕሮግራም ቀድሞ ቆሞበታል፤ ኤስኤስ የምትባለው ትእዛዝ በየበሩ ማን እንደቆመ ትናገራለች። ቪኤስኤፍቲፒዲ በአሮጌው የአይፒ አቆጣጠርም በአዲሱም በሁለቱ መስመር ተለይቶ እንዲሰማ ከታዘዘም እምቢ ይላል፤ አንዱን ማጥፋት ነው። ያኛው ግን በእጅም አይነሳምና ከአደይ ጥያቄ ጋር አይምታታም።

ከእነዚህ ሁሉ የምፈራው ዲስክን ነው። ብዙ ቤት ፋይሎቹ ለብቻው በተሰካ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ናቸው። መብራት ድንገት ሲሄድ ዲስኩ በትክክል ስላልተዘጋ ሲነሳ ምርመራ ይጀምራል፤ ይዘገያል። ወይም ዲስኩ የተመዘገበው በተራ ስሙ ስለሆነና በዚያን ዕለት ሌላ ፍላሽ ስለተሰካ ስሞቹ ተለዋውጠዋል። ኤፍቲፒው ዲስኩን ሳይጠብቅ ከተነሳ አይወድቅም፤ የከፋው እሱ ነው። ዲስኩ መሰቀል የነበረበት ባዶ ማኅደር ውስጥ አዳዲስ ፋይሎችን መቀበል ይጀምራል። ዲስኩ ዘግይቶ ሲሰቀል እነዚያ ፋይሎች ከሥሩ ተሸፍነው ይቀራሉ፤ ሰው «ማለዳ የላክሁት ጠፋ» ይላል፣ አልጠፋም፣ ምንጣፍ ሥር ነው። ዲስኩን በማይለወጠው ረጅም መለያው መመዝገብ፣ የመነሻ ወረቀቱ ላይም «ይህ ማኅደር ካልተሰቀለ አታስነሣኝ» ማለት ይህን ያስቀራል።

ስለ ሰዓት ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ መቐለና አብዛኛው ትግራይ ከስልክም፣ ከባንክም፣ ከብሔራዊው የመብራት መስመርም ተቆርጠው ነበር። ከጥቅምት 23 ቀን 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ከብሔራዊው መስመር ጋር ስትገናኝ ለረጅም ጊዜ ያልበሩ ኮምፒውተሮች እንደገና ተሰኩ። በእናት ሰሌዳው ላይ ሰዓቱን የምትጠብቅ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ 2032 ነው የምትባለው፣ ቁጥሩም 20 ሚሊሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ተሰክቶ ሳለ አትደክምም ማለት ይቻላል፤ ከሶኬት ተነቅሎ ሲከርም ሰዓቱን ተሸክማ የምትኖረው እሷ ብቻ ናት። ስትሞት ኮምፒውተሩ የሚነሳው ፋብሪካው በሰጠው ቀን ላይ ነው። ያኔ ዲስኩ ሲመረመር «ለመጨረሻ ጊዜ የተሰቀልኩት ገና ባልመጣ ቀን ነው» ይላል። የደኅንነት ምስክር ወረቀቶች «ገና አልጸናሁም» ይላሉ፤ ባትሪዋ የሞተችው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ፣ ኤፍቲፒውን በምስጠራ የሚጠቀም ሰው ሰርቨሩ ተነሥቶ እያለ እንኳ ላይገባ ይችላል። ሰዓቱን ከኢንተርኔት ማስተካከል ይቻላል፤ ለዚያ ግን ኔትወርክ መኖር አለበት፤ ለኔትወርኩ ራውተሩ። እንደገና ያው ተራ። የአደይን ባትሪ ያወጣሁት በጥፍሬ ነው፤ ላይዋ አቧራ ብቻ ነበር። አዲሷ የተገዛችው ከሱቁ ሦስት በር አልፎ ካለ የሰዓት ጠጋኝ ነው።

የቀረው መሞከር ነው፤ ሪስታርት እንደማይበቃ አሁን እናውቃለን። ሁሉንም በአንድ ላይ ማጥፋት አለብን። ግን በሚሠራ ዲስክ ላይ መብራት መቁረጥ አልፈለግሁም፤ ሰርቨሩን በትእዛዝ በወጉ እንዝጋው፣ ከዚያ ዋናውን ብሬከር እናጥፋ አልን። እዚህም አንዲት መሰናክል አለች። እናት ሰሌዳው ላይ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ምርጫ አለ፤ «ጠፍተህ ቅር»፣ «እንደነበርክ ሁን» ወይም «ተነሳ»። ሁለተኛው ላይ ከሆነና በወጉ ከዘጋነው «ጠፍቼ ነበር» ብሎ ጠፍቶ ይቀራል፤ ሙከራው ይበላሻል። የእኛ ሁለተኛው ላይ ነበር። ወደ ሦስተኛው አዞርነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደንበኛ የለም። አደይ ሊጡን ለማታ ስላቆዩት ምጣዱ አልተሰካም። «እሺ ወደይ፣ አጥፋው» አሉ። ሰርቨሩን ዘጋነው፣ ዩፒኤሱን አጠፋነው፣ ልጁ ብሬከሩን አወረደ። ፍሪጁ ዝም አለ። ሁለት ደቂቃ ቆጠርንና መልሶ አነሣው። የራውተሩ መብራቶች ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካን፤ ሰርቨሩ ጠረጴዛ ሥር ማራገቢያውን አስጮኸ። ማንም ኪቦርድ አልነካም። አደይ ከትልቁ ማሽን ላይ የቀበሌ መታወቂያቸውን አስቀመጡና ክዳኑን ዘግተው አረንጓዴዋን ቁልፍ ተጫኑ። ማሽኑ ብርሃኑን ከዳር ዳር አሻግሮ ዝም አለ፤ ከዚያ «ተልኳል» አለ። ልጁ ከዲዛይን ኮምፒውተሩ ፊት ሆኖ ማኅደሩን ከፈተ፤ ፋይሉ እዚያ ነበር፣ ሰዓቱም 15:47 ይላል። «ዘጠኝ ከአርባ ሰባት» አለ ልጁ፣ ወደ ግድግዳው ሰዓት ሳያይ።